ዝምታን ማን በሚሊዮን ይገዛል?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2025 በሰሜን ጀርመን፣ ፓፔንቡርግ በሚገኘው የመኪና መፈተኛ ጎዳና ላይ አንዲት ቻይና ሠራሽ መኪና በሰዓት 496.22 ኪሎ ሜትር ከነፈች። ስሟ ያንግዋንግ ዩ9 ኤክስትሪም ይባላል። የቢዋይዲ ልጅ ናት፤ ቤንዚን ቀምሳ አታውቅም። ከእሷ በፊት ስድስት ዓመት ሙሉ ክብሩን ይዞ የቆየው፣ አሥራ ስድስት ሲሊንደርና አራት ተርቦ የተሸከመው ቡጋቲ ሺሮን ነበር። እሱ በ2019 የሮጠው 490.48 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጉዳዩም የእነሱ ነው።)

ይህን የሰማ ሰው የቅንጡ መኪና ሠሪዎች ሞተራቸውን ለሙዚየም አስረክበው ወደ ባትሪ ይጎርፋሉ ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከሃያ አምስት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 9፣ ፌራሪ ባለሀብቶቹን ማራኔሎ ጠርቶ የመጀመሪያ ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪናውን ሻሲ፣ ባትሪና ሞተሮች አሳየ። አራት ሞተር፣ ከአንድ ሺህ በላይ የፈረስ ጉልበት፣ 122 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ከዜሮ እስከ መቶ በ2.5 ሰከንድ። ጥሩ። በዚያው ስብሰባ ላይ ግን ሌላም ቁጥር ተነገረ። በ2022 ኩባንያው በ2030 ከሚያቀርባቸው ሞዴሎች 40 በመቶው ሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናሉ ብሎ ነበር። አሁን ያ 40 ወደ 20 ወረደ፤ 20 በመቶ ተመድቦለት የነበረው ንጹሕ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ወደ 40 ወጣ። ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። የኩባንያው አክሲዮን በዚያ ቀን ከ15 በመቶ በላይ ወረደ፤ የባለሀብቶቹ ቅሬታ ግን በዋናነት ያረፈው በትርፍ ትንበያው ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ በመቀነሱ ያለቀሰ አልነበረም።

ፌራሪ ብቻውን አይደለም። ላምቦርጊኒ ላንዛዶር ብሎ በ2023 ያሳየውን የኤሌክትሪክ መኪና ከ2028 ወደ 2029 ገፋው። ማሴራቲ የኤምሲ20ን ኤሌክትሪክ ዓይነት በ2025 እስከ ነጭራሹ ሰረዘው። በዘርፉ ከማንም ቀድሞ የደፈረው ፖርሽ በ2023 ከ40 ሺህ በላይ ታይካን አስረክቦ ነበር፤ በ2024 ያስረከበው 20,836 ነው፣ ግማሽ ያህል። ከዚያም ወደፊት ኤሌክትሪክ ብቻ ይሆናሉ ያላቸውን ሞዴሎች እንደገና ከፍቶ ሞተር መመለስ ጀመረ።

ታዲያ በሩጫ የተሸነፈው እንዴት በገበያ አሸነፈ? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ፍጥነት ረከሰ። የረከሰ ነገር ደግሞ ለሀብታም አይሸጥም።

መርከሱን ለማየት ስልክ ሠሪውን ሻኦሚ መመልከት ይበቃል። በ2025 መጀመሪያ ኤስዩ7 አልትራ የተባለች ባለ አራት በር መኪና ቻይና ውስጥ በ529,900 ዩዋን ለገበያ አቀረበ፤ ከ75 ሺህ ዶላር በታች ነው። ጉልበቷ 1,548 ፈረስ። ይህቺው መኪና የጀርመኑን ኑርቡርግሪንግ፣ ያን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በጫካ ውስጥ የሚጠማዘዝ የፈተናዎች ሁሉ ፈተና፣ በ7 ደቂቃ ከ4.957 ሰከንድ ዞረችው። የፖርሽ ታይካን ኃያሉ ዓይነት 7 ደቂቃ ከ7.55 ሰከንድ ነበር የፈጀበት። አንድ መኪና ሠርቶ የማያውቅ ድርጅት፣ ከመጀመሪያ ሞዴሉ ላይ ተነሥቶ፣ ከመቶ ዓመት የእሽቅድድም ታሪክ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተገፋፋ። በሞተር ዘመን ይህ የማይታሰብ ነበር። ሞተር የማቀዝቀዝ፣ የመተንፈስ፣ የመንዘርና የመቅለጥ ጣጣ ያለበት ፍጡር ነው። ጠባዩን ለመግራት ትውልድ ይፈጃል፤ የተገራው ጠባይም የአባት ርስት ሆኖ ይኖራል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ጥሩ መሐንዲስና ብዙ ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚደርስበት ነገር ነው።

አሠራሩ ራሱ ያዳላል። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚሰጠው ዙሩ ከፍ ሲል ነው፤ ከዜሮ ተነሥቶ ምንም ማድረግ ስለማይችል ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ያስፈልገዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር የመጠምዘዝ ጉልበቱን ገና ቆሞ ሳለ አሟጥጦ ይሰጣል። ለየጎማው አንድ አንድ ሞተር ከሆነ ደግሞ ኮምፒዩተሩ በእያንዳንዷ ቅጽበት የትኛው ጎማ ምን ያህል ይጎትት እንደሚገባው ይወስናል፤ የሰው እግር የማይደርስበት ጥንቃቄ ነው። የክሮኤሺያው ሪማክ ኔቬራ በ2023 በዚያው በፓፔንቡርግ በአንድ ቀን 23 የፍጥነት ክብረ ወሰን ሲሰበስብ፣ ከዜሮ እስከ መቶ የፈጀበት 1.81 ሰከንድ ነበር። እንኳን ማርሽ ለመቀየር አፍ ሞልቶ «ሄደ» ለማለት እንኳ አይበቃም።

አዲስ ነገር እንዳይመስለን ደግሞ፤ በመኪና በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈው ሰው ኤሌክትሪክ ነበር የነዳው። ቤልጂየማዊው ካሚይ ጄናትዚ በኤፕሪል 1899 ፓሪስ አጠገብ፣ የጥይት ቅርጽ ባላት መኪና 105.88 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሮጠ። የመኪናዋን ስም «መቼም የማትረካ» አላት። ያ ፉክክር ለመቶ ዓመት የተዘጋው ሞተር በፍጥነት ስለበለጠ ሳይሆን ነዳጅ ይዞ ሩቅ መሄድ ስለቻለ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለደገኞቹ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያለ ተርቦ በራሱ ሳንባ የሚተነፍስ ሞተር ፋብሪካው የጻፈለትን ጉልበት እዚህ አያገኘውም፤ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ የባሰ ይነፍገዋል። አሮጌ መኪና የነዳ ሁሉ ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ መስጫውን ረግጦ፣ ረግጦ፣ ምንም። ባትሪ አየር አይተነፍስም። በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚገኘው የፓይክስ ፒክ ተራራ ውድድር 156 መታጠፊያ አልፎ 4,302 ሜትር ላይ ያበቃል፤ እዚያ ጫፍ ላይ አየሩ ሲሶውን ያህል አጥቷል። በ2013 ሰባስቲያን ሎብ ለዚሁ በተሠራ የፔጆ መኪና 8 ደቂቃ ከ13.878 ሰከንድ ሲወጣው ማንም የሚደርስበት አልመሰለም ነበር። በ2018 ሮማን ዱማ በቮልስዋገን አይዲ አር ኤሌክትሪክ መኪና 7 ደቂቃ ከ57.148 ሰከንድ ወጣው። የፔጆዋ ጉልበት 875 ፈረስ፣ የቮልስዋገኗ 680 ነበር። ትንሹ ጉልበት ትልቁን የረታው ሲወጣ ስላልደከመ ነው።

ይሁንና ኤሌክትሪኩ ያልተገላገለው አንድ ዕዳ አለ፤ ክብደት። አንድ ሊትር ቤንዚን ዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይይዛል። የፌራሪዋ 122 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ እንግዲህ ከአሥራ አራት ሊትር ቤንዚን በታች ነው፤ የባትሪው ክብደት ግን ከ600 ኪሎ ይበልጣል። እርግጥ ሞተር ከቤንዚኑ ሁለት እጁን ሙቀት አድርጎ ስለሚያባክነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ከዘጠና በመቶ በላዩን ሥራ ላይ ስለሚያውለው ልዩነቱ እንደሚመስለው የከፋ አይደለም። ግን ኪሎው ኪሎ ነው። በቀጥታ መንገድ ጉልበት ክብደትን ይሸፍንለታል፤ መታጠፊያ ላይ ግን የሚሸፍነው የለም። ጎማው ይከፍላል፣ ፍሬኑ ይከፍላል። 1,914 ፈረስ ያላት፣ ሁለት ቶን ከሦስት መቶ ኪሎ የምትመዝነው ኔቬራ ኑርቡርግሪንግን በ7 ደቂቃ ከ5.298 ሰከንድ ዞረች። 525 ፈረስ ብቻ ያለው፣ ያለ ተርቦ የሚተነፍሰው፣ 1,450 ኪሎ የሚመዝነው ፖርሽ 911 ጂቲ3 አርኤስ 6 ደቂቃ ከ49.328 ሰከንድ። ሲሶ የማይሞላ ጉልበት ይዞ በአሥራ ስድስት ሰከንድ ቀደማት። የኤሌክትሪክ ደጋፊዎች ይህን ቁጥር አይወዱትም፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

በዚህ ረገድ ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ እንግሊዝ የከተመው ጎርደን መሪ የሠራው ቲ.50 ጥግ ነው። ክብደቱ 986 ኪሎ፣ አንድ ተራ የቤት መኪና የማይሞላ። 3.9 ሊትር፣ አሥራ ሁለት ሲሊንደር፣ በደቂቃ እስከ 12,100 ዙር የሚጮህ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር። የተሠራው መቶ ብቻ፣ ዋጋው ታክስ ሳይጨመር ከሁለት ሚሊዮን ፓውንድ በላይ። ጉልበቱ ከሻኦሚዋ ግማሽ የማይሞላ ብቻ ሳይሆን፣ ከዜሮ ስትነሣ ጥላ የምታለብሰው ነው። ገዢዎቹ ይህን ያውቃሉ። ግድ የላቸውም።

ግድ የሌላቸው ለምን እንደሆነ ከሁሉ በላይ የገባው፣ የሚገርመው፣ ኔቬራን የሠራው ሰውዬ ራሱ ነው። ማቴ ሪማክ ወጣት ሳለ የ1984 ቢኤምደብሊውው ሞተር እሽቅድድም ላይ ሲፈነዳበት በጋራዥ ውስጥ ኤሌክትሪክ አድርጎ የቀየራት፣ ከዚያም ተነሥቶ በ2021 ከፖርሽ ጋር ሆኖ ቡጋቲን በእጁ ያስገባ ነው። 150 ብቻ ሊሸጥ ያሰበው ኔቬራ በታሰበው ልክ አልሄደለትም። በ2024 በአደባባይ የተናገረው ነገር ሲጠቀለል፣ ዘመናዊው የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ከስዊሱ ሜካኒካል ሰዓት በሁሉም ነገር ይበልጣል፤ ግን ለእሱ ሁለት መቶ ሺህ ዶላር የሚከፍል ሰው የለም የሚል ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ያስተዋወቀው ቡጋቲ ስሙ ከዚያው ከሰዓት ዓለም የተወሰደ ነው፤ ቱርቢዮን። 8.3 ሊትር፣ አሥራ ስድስት ሲሊንደር፣ ያለ ተርቦ፤ ሞተሩ ብቻ 1,000 ፈረስ፣ ሦስት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ተጨማሪ 800። ከመሪው ኋላ ያሉት የፍጥነት መለኪያዎች በስዊስ ሰዓት ሠሪዎች እጅ ከስድስት መቶ በላይ ጥቃቅን ዕቃዎች የተገጣጠሙ ናቸው። 250 መኪና፣ እያንዳንዱ 3.8 ሚሊዮን ዩሮ። በዓለም ላይ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪና ሊቆች አንዱ የመጨረሻ ቃሉን ሲጠየቅ የተናገረው በፒስተን ነው።

የሰዓቱን ምሳሌ ግን ሁሉም የሚያቆመው ደስ በሚለው ግማሽ ላይ ነው። በ1969 መጨረሻ ጃፓናዊው ሴይኮ የኳርትዝ ሰዓት ሲያወጣ በትክክለኛነት የስዊሱን ሜካኒካል ሰዓት ባንድ ጀምበር አሳፈረው። ሜካኒካሉ አልሞተም፤ ጌጥ ሆኖ ተረፈ፣ ዋጋውም ሰማይ ወጣ። ግን በ1970 በስዊስ የሰዓት ሥራ ወደ ዘጠና ሺህ ሰው ይተዳደር ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የቀረው ሠላሳ ሺህ ገደማ ነው። ዕቃው ዳነ እንጂ ሠሪው አልዳነም። ሞዴናና ቦሎኛ መካከል ያለው የጣልያን የሞተር ሸለቆ፣ ፌራሪንና ላምቦርጊኒን ካቀፉት ትልልቅ በሮች ኋላ፣ ማርሽ የሚቀርጹ፣ ብረት የሚያቀልጡ፣ የጭስ ማውጫ የሚበይዱ አያሌ ትንንሽ አውደ ጥናቶች አሉት። ሞተር ለመቶዎች ጌጥ ሆኖ ሲቀር እነዚህ ሁሉ እንደማይቀሩ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ወደ ገዢው እንመለስ። ይህን ሰው ለመረዳት ሩቅ መሄድ የማያስፈልገን ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ «ቪኤይት» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ ባለሥልጣን ማለት ነው። ቃሉ በሁለት ረድፍ የተሰደሩ ስምንት ሲሊንደሮችን እንደሚቆጥር የሚያስታውስ የለም። የሲሊንደር ቁጥር ማዕረግ ሆኗል። ከዚያም በፊት ቢሆን አባቶቻችን የሚጠሩት በፈረሳቸው ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ፈረሱ መጓጓዣ አይደለም። ለጉዞማ በቅሎ አለች፤ ገደሉን የማትስት፣ ጀርባዋ የማይፈጅ። መኳንንቱ ቀኑን ሙሉ በበቅሎ ሲጓዙ ፈረሱ ባዶውን ይሳብ ነበር። የሚወጡበት ለጦርነት ነው፣ ወይም ለጉግስ፤ ሰው በሚያይበት ቦታ። ፌራሪም ፖርሽም አርማቸው ላይ ፈረስ ያደረጉት በአጋጣሚ ቢሆንም (የፌራሪው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ከፍራንቼስኮ ባራካ የተወረሰ ነው) የተስማማ አጋጣሚ ነው። ሦስት ሚሊዮን ዩሮ የሚከፍለው ሰው የሚገዛው መድረሻ አይደለም። የሚገዛው ከእሱ በታች ሆኖ የሚያንኮራፋ፣ የሚግል፣ እምቢ የሚል ነገር ነው።

እምቢታው ነው ዋናው። የቤንዚን ሞተር ዙሩን ካላወቁለት ይደክማል፤ በትክክለኛው ቅጽበት ማርሽ ሲገባለት ይዘምራል። ነጂው አንድ ነገር የቻለ ይመስለዋል። ኤሌክትሪኩ ለማንም እኩል ይታዘዛል፤ ለእሽቅድድም ሊቁም፣ ትናንት መንጃ ፈቃድ ላወጣውም ልጅ።

በልጅነቴ ሰፈራችን ጋራዥ የነበራቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። መኪና ሲመጣላቸው መጀመሪያ ኮፈኑን አይከፍቱም፤ «አስነሣው» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ ያነሡና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እንደ ሐኪም ያዳምጣሉ። «ሦስተኛው ነው» ይሉ ነበር። ሦስተኛው ሲሊንደር። ሲሳሳቱ አላውቅም። ድምፅ ለእኚህ ሰው ጌጥ አልነበረም፤ መኪናው የሚናገርበት አፍ ነበር።

መኪና ሠሪዎቹ ይህ አፍ መዘጋቱ ስለጨነቃቸው የተለያየ ነገር እየሞከሩ ነው። ሀዩንዳይ አዮኒቅ 5 ኤን ላይ የሌለ ማርሽ ፈጥሮለታል፤ ሲቀየር መኪናው ይንገጫገጫል፣ ከድምፅ ማጉያ የሞተር ጩኸት ይወጣል። ዶጅ በኤሌክትሪኩ ቻርጀር ላይ የጭስ ማውጫ የሚመስል ድምፅ ማጉያ ገጥሞ በአሜሪካኖቹ የድሮ ሞተር ልክ ያስጮኸዋል። የሚያሳቅቅ ነው ብል አላጋንንም። ብዙዎች ሀዩንዳዩን ነድተው ወደውታል፤ ጨዋታ መሆኑን ሳይደብቅ የሚጫወት መኪና ስለሆነ አልፈርድበትም። ነገር ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ዩሮ አውጥቶ የቴፕ ድምፅ የሚሰማ ሰው በሠርግ ቤት በቴፕ እልልታ እንደሚያሰማ ደጋሽ ነው።

ሌላው ከበድ ያለ ምክንያት ገንዘብ ነው። ሀብታም ገንዘቡን አይጠላም። በ1962 የተሠራ አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦ በኖቬምበር 2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ 51.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ስድሳ ዓመት የሆነው ሞተር ዛሬም ይፈታል፣ ይታደሳል፣ የጎደለው ፒስተን ይቀረጽለታል። የዛሬ የኤሌክትሪክ ሱፐርካር በስድሳ ዓመቱ ምን ይሆናል? ባትሪው ቆሞም ያረጃል። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ የተሻለ ባትሪ ይወጣና ባለ ሁለት ሚሊዮኑን እንደ አምና ስልክ ያደርገዋል። መሻሻል ለተራው ገዢ በረከት ነው፤ ለሰብሳቢው እርግማን። ሞተር ግን ከዚህ ወዲያ ብዙም አይሻሻልም፤ ተጠናቅቋል። ተጠናቅቆ ያለቀ ነገር ነው የሚሰበሰበው።

ሕጉም ቢሆን ቀድሞ እንደሚመስለው ቁርጥ ያለ አልሆነም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2035 ጀምሮ ካርቦን የሚያወጡ አዳዲስ መኪኖች እንዳይሸጡ በ2023 ሲወስን ጀርመን በሰው ሠራሽ ነዳጅ ለሚሄዱት ቀዳዳ አስከፈተች፤ በዲሴምበር 2025 ደግሞ የኅብረቱ ኮሚሽን መቶ በመቶ የነበረውን ወደ ዘጠና ዝቅ የሚያደርግ ሐሳብ አቀረበ። በዓመት ከአንድ ሺህ በታች የሚሠሩ ደግሞ ከመጀመሪያውም ነጻ ናቸው። ፖርሽ በደቡብ ቺሊ፣ ፑንታ አሬናስ አቅራቢያ፣ ከነፋስ ኤሌክትሪክ፣ ከውኃና ከካርቦን ቤንዚን የሚሠራ አነስተኛ ፋብሪካ ከአጋሮቹ ጋር በ2022 አስጀምሯል። ይህ ነዳጅ እጅግ ውድ ነው፤ ለታክሲ ነጂ መፍትሔ አይሆንም። ለቱርቢዮን ባለቤት ግን የሊትሩ ዋጋ ምኑ ነው? ፌራሪ በ2024 ዓለሙን ሙሉ ያስረከበው 13,752 መኪና ነው። ከባቢ አየርን የሚወስነው ይህ ቁጥር አይደለም።

እኛ ጋ ሒሳቡ ፈጽሞ የተለየ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ላይ የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስታግድ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ምክንያቱ ስለ ሞተር ድምፅ የተደረገ ክርክር አልነበረም፤ ነዳጁ በዶላር ይገዛል፣ ኤሌክትሪኩ ከራሳችን ወንዝ ይወጣል። ማራኔሎ ላይ ምርጫ የሆነው ቦሌ ላይ ግዴታ ነው። ነገሩን ከጎን ሳየው ግን ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለው፤ ሞተሩን በብዛት ለመተው የቸኮለችው ቪኤይትን ማዕረግ ያደረገች አገር ናት።

ቅንጡዎቹ ለጊዜው የሚያርፉበት ቦታ መሃሉ ነው፤ ሃይብሪድ። እዚህ ላይ የአበው ተረት ልክ ይመጣል፤ በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች። የላምቦርጊኒ ሬቩኤልቶ 1,015 ፈረስ አለው፤ ሦስት የኤሌክትሪክ ሞተሮችም አሉት፤ የሚወራለት ግን አሥራ ሁለቱ ሲሊንደር ነው። ባትሪው 3.8 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ጎረቤት ሳይቀሰቅሱ ከግቢ ለመውጣት ያህል። ታናሹ ቴሜራሪዮ በ10,000 ዙር ይጮሃል፤ ያም ሃይብሪድ ነው፤ ስለ ባትሪው የሚጠይቅ የለም። የፌራሪው ኤፍ80 1,200 ፈረስ፣ ከዚያ ውስጥ 300 ያህሉ የኤሌክትሪክ። በዘዴ ሲታይ ብልኅነት ነው። ሞተሩ የሚደክምበትን ዝቅተኛ ዙር ኤሌክትሪኩ ይሸፍናል፣ ተርቦው እስኪነቃ ይጎትታል፣ ከዚያ ለባለቤቱ ጩኸቱን ይለቅለታል። በዚያው በኑርቡርግሪንግ ለመንገድ ከተፈቀዱት ሁሉ ፈጣኑ፣ በ2024 በ6 ደቂቃ ከ29.09 ሰከንድ የዞረው መርሴዲስ ኤኤምጂ ዋንም ሃይብሪድ ነው። ቀን በበቅሎ፣ ለጉግሱ በፈረስ።

ሙሉ ኤሌክትሪኳ ፌራሪ ግን ቀላሉን መንገድ አልመረጠችም፤ በዚህ አከብራታለሁ። የሞተር ጩኸት ቀድቶ በድምፅ ማጉያ ማሰማትን መሐንዲሶቹ አልፈለጉትም። ይልቅ በኋለኛው አክሱል ላይ ንዝረትን የሚያዳምጥ ስሱ መሣሪያ ገጠሙ፤ ብረቱ ራሱ ሲሽከረከር የሚያሰማውን ተቀብሎ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር የክሩን ንዝረት እንደሚያጎላው አጉልቶ ያሰማል። ድምፁ ከቪ12 ጋር ይመሳሰላል ብሎ ማንም አይጠብቅም፤ ግን ከዚያው ከመኪናዋ የወጣ ነው።

ለጋሼ ይህን አጫወትኳቸው። ዛሬ ጋራዡ ተሸጧል፣ ጆሯቸውም እንደ ድሮው አይደለም። ስለ ዋጋው ስናገር አልሰሙኝም፤ ስለ ፈረስ ጉልበቱም ዝም። መሣሪያው አክሱል ላይ ተገጥሞ ብረቱን ያዳምጣል ስላቸው ግን ቀና አሉ።

«የት ጋ?»

«የኋላው አክሱል ላይ፣ ሞተሩ የተያዘበት ጠንካራው ቦታ።»

ጥቂት አሰቡና ካቻቢቴ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ወሰዱ።

«ልክ ናቸው» አሉ። «እኔም ብሆን እዚያ ነበር የማስጠጋው።»